«ፋሺስት» በእጅ ሲነገር

መልኳን በከተማው ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በቴሌቪዥኑ መስኮት ግርጌ፣ በስተቀኝ ጥግ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቆማ የሚነገረውን ሁሉ በምልክት ቋንቋ የምትተረጉመው ሴት እሷ ናት። ሰፈርተኛው «ባለሳጥኗ» ይላታል። ዳቦ ቤት ስትሰለፍ፣ «ባለሳጥኗ፣ ትናንት ሚኒስትሩ ሲንተባተቡ አንቺ እንዴት አድርገሽ ተረጎምሽው?» የሚላት አይጠፋም።

«እኔም በእጄ ተንተባተብኩ» ትላለች ሳቅ ብላ።

እውነቷን ነው። ተናጋሪው ሲንተባተብ እጇም ይንተባተባል፤ ሲቆጣ ፊቷ ይቆጣል፤ ሲዋሽም፣ መዋሸቱን እያወቀች፣ ቃል ሳታጎድል ትዋሻለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

ቋንቋውን ያገኘችው ከቤቷ ነው። እናትና አባቷ ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ እሷ አፏን ከመፍታቷ በፊት እጇን ፈታች። እናቷ ካረፈች ቆይታለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ የስፌት መኪናውን ከመስኮቱ ሥር አስጠግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ይውላል። ደንበኛ ሲገባ በሩ ከአምፖል ጋር ስለተያያዘ መብራት ብልጭ ይላል፤ አባቷም ቀና ይላል። ሰው ሲለካ ዝም ብሎ ትከሻውን እያየ ስለሚያስብ፣ አዲስ ደንበኛ ጉድ ሊሠራኝ ነው ብሎ ይሰጋል። ሱሪው ሲደርስለት ግን ወንድሙንም ይዞ ይመጣል።

በዚያ ዓመት አገሩ በአንድ ሰው ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሁለተኛ ዘመናቸውን እያገባደዱ፣ ሦስተኛ ሊጨምሩ ነው የሚለው ወሬ ተሟሙቋል። መንገድ ሠርተዋል፣ ሆስፒታል ከፍተዋል። ሁለት ጋዜጦችም ዘግተዋል። የሚቃወሟቸውን «ነቀዝ» ይሏቸዋል፤ ግራጫ ሸሚዝ የለበሱ ወጣቶቻቸው ሰልፍ ሲወጡ ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ። ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ስለእሳቸው ያነሳል። የሚናገረው ሰው «እሱ» ይላል ወይስ «እሳቸው» ብሎ ጆሮን መጣል ብቻ ወዴት እንደሚያደላ ለማወቅ ይበቃ ነበር። በምልክት ቋንቋ ግን አንተም አንቱም የለም፤ ሁሉም በአንድ ጣት ነው የሚጠቆመው።

እንግዲህ አንድ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ባለሳጥኗ የምትሠራበት፣ ደፈር ብሎ የሦስት ሳምንት ክርክር አሰናዳ። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል ተባለ። ርዕሱም «ፕሬዚዳንቱ ፋሺስት ናቸው?» የሚል ነበር። በአንድ ወገን አንዲት የታሪክ መምህር፣ በሌላው ወገን አንድ ስመ ጥር ጠበቃ ተቀመጡ። መምህሯ «ነው» ባይ፣ ጠበቃው «አይደሉም» ባይ።

ባለሳጥኗ ጥቁር ሸሚዟን ለብሳ፣ እጇ ጎልቶ እንዲታይ እጅጌዋን ሰብስባ ቆመች። ክርክሩ ተጀመረ፤ ችግሩም አብሮ ተጀመረ። ለዚያ ቃል ምልክት አልነበረም። ምልክት የሌለውን ቃል በጣት ፊደል መጻፍ ግድ ነው፦ ፋ፣ ሺ፣ ስ፣ ት። አንዴ ሁለቴ ሲሆን አያስቸግርም። እነዚያ ሁለቱ ግን ቃሉን እንደ ኳስ ተቀባበሉት። «ፋሺስት ማለት…» «ፋሺስት ቢሆኑማ ኖሮ…» «የፋሺስት ምልክቱ…» እሷ አንዱን ጽፋ ሳትጨርስ ሌላው ይደርስባታል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጣቶቿ ዝለው የቦርሳዋን ዚፕ መክፈት አቃታት።

በማግስቱ ወደ አባቷ ጎራ አለች። አባቷ ጨርቁን ከመኪናው ሥር አወጣና እጆቹን ነፃ አደረገ።

«ትናንት ስትጽፊው የዋልሽው ቃል ምንድን ነው?» አላት በእጁ።

«አላነበብከውም እንዴ አባዬ?»

«ፊደሉንማ አነበብኩት። አራት ፊደል ነው። ቃሉን ነው ያላወቅኩት።» ከዚያ የማኅበሩ ሰዎች ምን እንደተባባሉ ይነግራት ጀመር። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር አለ፤ አባቷ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው፤ እሑድ እሑድ አብረው ቴሌቪዥን ያያሉ። አንዱ የመድኃኒት ስም ነው አለ። ሌላው፣ ፋሺስት የውጭ ኩባንያ ነው፣ ክርክሩም ፕሬዚዳንቱ ድርሻ አላቸው ወይስ የላቸውም ነው ብሎ ለሁሉም አስረዳ።

«አንተስ ምን መሰለህ?»

አባቷ ትንሽ አፈረ። «እኔ ማዕረግ መስሎኝ ነበር። ከፕሬዚዳንት በላይ የሆነ። ሊሰጡት ይገባል አይገባም እየተባባሉ መስሎኝ፣ ይገባዋል ብዬ እጄን ሳወጣ ዋልኩ።»

ባለሳጥኗ ሳቋ አመለጣት። አባቷም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ «እሺ፣ ንገሪኛ» አላት።

«መጥፎ መሪ ማለት ነው» አለች።

«መጥፎ መሪ ምልክት አለው።»

«አምባገነን… ሁሉን በጉልበት የሚገዛ።»

«እሱም ምልክት አለው።» እጁን ጨብጦ ወደ ታች ተጫነ፤ አምባገነን ማለት ነው። «ታዲያ ይኼኛው በምን ይለያል?»

እጆቿን አነሳች። አየር ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ቃሉን በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ እንደጻፈችው እሷም አታውቅም፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ስትጠየቅ የምታወጣው አጣች። ስድብ መሆኑን ታውቃለች። ከስድብነቱ አልፎ በውስጡ ምን እንዳለ አይታ አታውቅም ነበር። ነገሩ ከነከናት። ለሥራው ብቻ አይደለም፤ ማወቅ አማራት።

በሳምንቱ ውስጥ መጀመሪያ የሄደችው ወደ መምህሯ ነው። ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ፣ ተማሪዎች ወጥተው ባለቁበት ክፍል አገኘቻት። መምህሯ ሰሌዳውን እየጠረገች ነበር፤ ቀሚሷ በጠመኔ ነጭ ሆኗል።

«ቃሉ ራሱ ከየት መጣ?» ስትል ባለሳጥኗ ጠየቀቻት።

መምህሯ ጥያቄው ደስ አላት መሰለኝ፣ ጠመኔውን መልሳ አነሳች። «ከእስር ነው የመጣው። ከችቦ እስር ዓይነት። ብዙ ዘንግ አንድ ላይ ይታሰራል፤ አንድ በአንድ ይሰበር የነበረው አይሰበርም ለማለት።» ዘንጎቹን ሳለች፤ በገመድ አሰረቻቸው። «ሲሰሙት መልካም ነገር ነው። ችግሩ አሳሪው ነው። ሕዝቡ ሁሉ አንድ አካል ነው ይላል፤ የዚያ አካል አፍ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ ይላል። ከእስሩ የወጣው ዘንግ ጠላት ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ ይቃጠላል። ከዚያ የሚያቃጥሉለትን ወጣቶች አንድ ዓይነት ልብስ ያለብሳል፤ ሕግ መጫወቻው ይሆናል። ተራ አምባገነን ዝም በልልኝ ነው የሚለው። ይኼኛው ዝምታ አይበቃውም፤ አብረህ ጩህልኝ ይላል።»

ባለሳጥኗ «ዝም በል» እና «አብረህ ጩህ» የሚሉትን ሁለቱን ሳታስበው በእጇ ሞከረቻቸው። መምህሯ አየቻት።

«ለማን ነው የምትተረጉሚው?»

«ለብዙ ሰው። ለአባቴም። አባቴ አይሰማም።»

መምህሯ ጠመኔውን አስቀመጠች። ከዛሬ ብዙ ዘመን በፊት፣ ፋሺስት ከተባሉት አገዛዞች በአንደኛው፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንዳይወልዱ በሕግ ተወስኖ በሐኪም እጅ መምከናቸውን ነገረቻት። «በክርክሩ ላይ አላነሳሁትም። ሰው ማስፈራራት ይመስላል ብዬ።»

ባለሳጥኗ አባቷንና እናቷን ነው ያሰበችው፤ ቀጥላም ራሷን። እሷ ያልተፈጠረችበትን ዓለም ማለት ነው። «ፕሬዚዳንቱ እንዲህ ያለ ነገር አስበዋል?» አለች።

«የለም» አለች መምህሯ ሳታመነታ። «ይህን አድርጓል አልልም። ያላደረገውን አልጨምርበትም።»

በማግስቱ ወደ ጠበቃው ቢሮ ሄደች። ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መዝገብ ነው፤ ጠበቃው ከመዝገቡ መሀል ብቅ ብሎ ወንበር ላይ የነበረውን ክምር አነሳላት። የመጣችበትን ስትነግረው ተገረመ።

«እኔ በሥራዬ ብዙ ክስ አይቻለሁ» አለ። «ቀማኛ የተባለውን ሰው መርምሬ ሳየው ተበድሮ ያልመለሰ ሆኖ አገኘዋለሁ። ተበድሮ አለመመለስ ጥፋት ነው፤ ቅሚያ ግን አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ትዕግሥት የላቸውም። ጋዜጦቹን መዝጋታቸው ስሕተት ነው፤ በጽሑፍ ነግሬያቸዋለሁ። ነገር ግን ትልቁን ቃል ዛሬ በትንሹ ጥፋት ላይ ከጨረስነው፣ ነገ እውነተኛው ሲመጣ ምን ብለን ልንጠራው ነው?»

«ወጣቶቹስ? ግራጫ ሸሚዝ የለበሱት?»

ጠበቃው ብዕሩን አገላበጠ። «እነሱ እኔንም አያስደስቱኝም» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፋሺስት በሚገዛው አገር፣ ገዢው ፋሺስት ነው አይደለም የሚል ክርክር በቴሌቪዥን ይተላለፋል? ያውም በምልክት ቋንቋ? በየጣቢያው አስተርጓሚ ይቁም ብለው ያዘዙት እሳቸው ናቸው እኮ።»

ይህም እውነት ነበር። ከመምህሯ ስትወጣ የመምህሯ ሆና ነበር፤ ከጠበቃው ስትወጣ የጠበቃው ሆነች። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ሁለቱን በልቧ ስታከራክር መውረጃዋን አለፈች።

ቅዳሜ ከሰዓት ማኅበሩ አዳራሽ ሄደች። አዳራሹ ሰፊና ብርሃናማ ነው፤ ሰው ሁሉ የሰውን እጅ እንዲያይ ጠረጴዛዎቹ ክብ ናቸው፤ መጋረጃ የሚባል የለም። ያሠሩት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት በአባቷ መቀስ ነበር፤ አባቷም መቀሱን አሁን ድረስ ጨርቅ አይቆርጥበትም።

ባለሳጥኗ መድረኩ ላይ ወጥታ ችግሯን ተናገረች። «ነገ ሁለተኛው ክርክር ነው። ለዚህ ቃል ምልክት ስጡኝ።» መምህሯ ያለቻትን፣ ጠበቃው ያለውን፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። የማምከኑንም ነገር አልደበቀቻቸውም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሌላው ከጩኸቱ የተነሳ ጆሮውን ደፍኖ የሚሸሸውን የማተሚያ መኪና እሷ ስታሠራው ትውላለች። «ይኼኛው ይህን አድርጓል?» ስትል ጠየቀች።

«አላደረገም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ንገሪን። ያ መደረጉን፣ ይኼኛው አለማድረጉን።»

ከዚያ ምልክት ፍለጋው ተጀመረ። ቀድሞ የተነሳው በፍጥነት ስለሚያወራ «ፈጣኑ» የሚሉት ጎልማሳ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሲናገሩ እጅጌያቸውን ሳብ ሳብ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ ስለዚህ በማኅበሩ ዘንድ የስማቸው ምልክት እጅጌ መሳብ ነው። ፈጣኑ እጅጌውን ሳበና ጡጫውን አሳየ። «ይኸው። ፋሺስት።» አዳራሹ በሳቅ ተንከተከተ።

«እሱማ አይሆንም» አለች ባለሳጥኗ። «‹ፕሬዚዳንቱ ፋሺስት ናቸው ወይ?› የሚለውን ስተረጉም፣ ‹እጅጌ ሳቢው እጅጌ ሳቢ ነው ወይ?› ልል ነው። ክርክሩ ሳይጀመር በእጄ ፈረድኩበት ማለት ነው።»

«እጅጌውን የሚስበው ደግሞ ክፉ ሆኖ አይደለም» አለ አባቷ ቱግ ብሎ። «ኮቱ እጅጌው ረዝሞ ነው የተሰፋለት። ጥፋቱ የሰፊው ነው።»

ሌላው አንድ ምልክት አመጣ፤ ሌላዋ ሌላ አመጣች። አንዱ ከስድብ ጋር ተምታታ፣ አንዱ የወታደር ሰላምታ ሆነ። በመጨረሻ የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ፣ «መምህሯ እስር ብላለች አይደል?» ብላ አምስት ጣቶቿን ገጥማ በሌላው እጇ ጠቅልላ ያዘች።

አባቷ አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ይህማ ማኅበር ነው ማለት ይቻላል። እኛ ነን።» የማኅበር ምልክት የሁለት እጅ ጣቶች ተጠላልፈው ሲያያዙ ነው፤ ከሩቅ ላየው አይለይም።

ሴትዮዋ አሰበች። ተነስታ ወደ ባለሳጥኗ አባት መጣችና እጁን ዘረጋ እንዲያደርግ ነገረችው። የራሷን ጣቶች በጣቶቹ መሀል አስገባች። «ይህ ማኅበር ነው። አውጣ።» አባቷ እጁን በቀላሉ አወጣ። ከዚያ ጣቶቹን በአንድነት ሰብስባ፣ አውራ ጣቱንም ወደ ውስጥ አጥፋ፣ በጡጫዋ ጭብጥ አደረገቻቸው። የማተሚያ ቤት እጅ ነው፤ ጠንካራ ነው። «አሁንስ አውጣ።»

አባቷ ታገለ። ትከሻውን አዞረ፣ ሳቀ፣ ደግሞ ታገለ። ከጣቶቹ አንዷም አልወጣችለትም። ስትለቀው እጁን እያሻሸ ቆየ።

«ይህ ነው» አለ። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ፣ «ለፕሬዚዳንቱ አይሆንም። ግን ጥሩ ምልክት ነው» አለ።

እሑድ ክርክሩ ሲጀመር ባለሳጥኗ ቃሉን አንዴ በፊደል ጻፈችው፤ ቀጥላ ግራ እጇን ሰብስባ በቀኟ ጨበጠች። ከዚያ በኋላ ቃሉ በመጣ ቁጥር በዚያው ምልክት ሄደች። እጇ አልዛለም። አዳራሹ ውስጥ፣ ኋላ እንደነገሯት፣ ሰው ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲከራከር ዋለ፤ አባቷ ከሁሉ በላይ። ጠበቃው የተናገረውን እየደገመ፣ የጠበቃው ረዳት ሆኖ ነበር።

ሰኞ አለቃዋ አስጠራት። ቢሮው ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ነው የመጣው። ትሑት ነው፤ ልብሱም አንድ ክር አልተዛነፈበትም። ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የእሷ ምስል ግራ እጇን በቀኟ እንደጨበጠች ቆሟል።

«ይቺ እጅ ምንድን ነው የምትለው?» አላት። «አንገት ማነቅ መስሎ ታይቷል።»

ምን እንደሆነ አስረዳችው። አለቃዋ ላብ ላብ እያለው፣ «እንደ በፊቱ በፊደል ብትጽፊውስ?» አለ።

«በፊደል ሲጻፍ አይገባቸውም።»

«ባይገባቸውስ?» አለ እንግዳው። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያው በቅንነት ነው የጠየቀው። እሷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ያን ዕለት ለአባቷ ስትነግረው መኪናውን አጠፋና ተነሳ። ጠዋት ሁለቱም ጣቢያው በር ላይ ነበሩ፤ እንግዳውም ከአለቃዋ ጋር ሊጨርስ ተመልሶ መጥቶ ነበር። አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቷል። እንግዳው ወንበር ለቀቀለት። አባቷ በእጁ ተናገረ፣ ልጁ በድምፅ ተረጎመች፤ በአስተርጓሚ ወግ፣ እንደራሷ ቃል አድርጋ።

«እኔ ፕሬዚዳንቱን መርጬዋለሁ። ሁለት ጊዜ። አዳራሻችን ሲመረቅ መቀስ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

የእንግዳው ፊት ፈካ። «አባት፣ ታዲያ ይህን ምልክት ማውጣት ለምን አስፈለገ?»

«ሰዎች ፋሺስት ነው ይሉታል። እኔ አይደለም ማለት እፈልጋለሁ። ቃሉ ከሌለኝ አይደለም የምለው ምኑን ነው? ባለፈው ጊዜ ቃሉን ሳላውቅ ይገባዋል ብዬ እጄን ሳወጣ ውያለሁ።»

እንግዳው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም፤ አለቃዋም ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ። እንግዳው ሳቁ ሲበርድለት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የግራ እጁን ጣቶች ሰብስቦ በቀኙ ጨበጣቸው። ለቀቅ አደረገና እንደገና ጨበጠ። «እንዲህ ነው?»

አባቷ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፈለት። «አሁን ትክክል ነው።»

ሰውየው እጁን ትንሽ አየው። «አስተላልፋለሁ» ብሎ ተነሳ፤ ሁለቱንም ጨብጦ ሄደ። ምን እንዳስተላለፈ፣ ለማንስ እንዳስተላለፈ አልታወቀም። ሐሙስ ዕለት ግን ሦስተኛው ክርክር በቴክኒክ ምክንያት የማይተላለፍ መሆኑ ተነገረ። ማስታወቂያውን የተረጎመችው ራሷ ባለሳጥኗ ናት።

አባቷ ነገሩ ሊገባው አልቻለም። ሱቁ ስትደርስ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ጠመኔ ይዞ፣ አንድም መስመር ሳያሰምር ተቀምጧል።

«እያሸነፍን እኮ ነበር» አላት። «ጠበቃው በደንብ ይዞት ነበር። የሚያሸንፍ ሰው ጨዋታ ያቋርጣል?»

«በቴክኒክ ነው ተብሏል።»

«የምን ቴክኒክ? ማነው የተበላሸበት?»

ይህን ጥያቄ ደንበኛውን ሁሉ ጠየቀ፤ በወረቀት እየጻፈ ጭምር። ቅዳሜ ደግሞ ማኅበሩ ዘንድ ሄዶ፣ ሦስተኛው ክርክር በአዳራሻችን ይደረግ ብሎ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ራሱ ሆነ። ሊቀመንበሯ ዓይኗን ማመን አቅቷት ድገምልኝ አለችው። ደገመላት።

መምህሯ እንደምትመጣ ማንም አልተጠራጠረም። ጠበቃው ግን ይመጣል ያለ አልነበረም። በተከታዩ ሳምንት፣ በቀጠሮው ቅዳሜ፣ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ባለሳጥኗ በሩ ላይ ስትቀበለው፣ «አልመጣም ብዬ ነበር» አላት። «ትዝ ይልዎታል ቢሮዬ የነገርኩዎት? ክርክሩ መተላለፉ ዋናው ማስረጃዬ ነበር። ማስረጃዬን ከእጄ ቀሙኝ። ያውም የምከራከርላቸው ሰዎች።»

ያን ከሰዓት ሥራዋ ተገለበጠ። ሌላ ጊዜ ድምፅን ወደ እጅ ታመጣ ነበር፤ አሁን የአዳራሹን እጅ ወደ ድምፅ እየመለሰች ለሁለቱ እንግዶች ታሰማለች፤ የእነሱንም መልሳ በእጇ ትናገራለች። ጉሮሮዋ ደረቀ፤ አንድ ሰው ውኃ አቀበላት፤ ለመጠጣት እንኳ ፋታ አጣች።

አባቷ ከጠበቃው ጎን ቆሞ ተናገረ። «ይህን አዳራሽ የሠራልን እሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት መኖራችንን አያውቁም ነበር። ልጄን በቴሌቪዥን ያቆማት እሱ ነው።»

የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ ተነሳች። «አዳራሽ ሠርቶልናል፤ አመሰግናለሁ። ቤት የሠራልህ ሰው እቤትህ ውስጥ የምታወራውንም ልምረጥልህ ቢልህ ትፈቅድለታለህ?»

አባቷ መልስ ሊሰጥ እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደው። «ላስብበት» አለ። ልጁም «ላስብበት» ስትል በድምፅ ተረጎመችው። ይህን ቃል ከአባቷ እጅ አይታው የምታውቅ አይመስላትም።

ፈጣኑ ወደ መምህሯ ዞረ። «ፋሺስት ስለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ብትሳሳቺስ?»

«ብሳሳት ደስታው የእኔ ነው» አለች መምህሯ። «የሰው ስም አጥፍቼአለሁ ብዬ እዚሁ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አንተስ?» አለው ጠበቃውን።

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ። «አሁንም አይደሉም እላለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ማስታወቂያ እስከተነገረበት ሐሙስ ድረስ ግን እንዲህ ስል አልጨነቅም ነበር» ሲል ጨመረ። ባለሳጥኗ ድምፁ ዝቅ ማለቱን ለአዳራሹ ለማሳየት እጆቿን ከደረቷ በታች አድርጋ ተረጎመችው።

እጅ አውጡና ይቆጠር ያለ ነበር፤ ሊቀመንበሯ አልፈቀደችም። ሰዉ እየተከራከረ ወጣ፤ በሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ ሳይቀር በየሁለት በየሦስት ቆሞ እጅ ያወናጭፋል። ግራጫ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ልጆች በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩ፤ አንድም ነገር አልገባቸውም፤ ሄዱ።

ባለሳጥኗ ከሥራዋ አልተባረረችም። ብቻ በተከታዩ ሳምንት ሳጥኗ ጠብባ ተገኘች፤ ከደረት በታች የሚነገረው ሁሉ እየተቆረጠ ቀረ። ማኅበሩ በየቀኑ ሰው እየላከ አለቃዋን ቢሮው ድረስ አስጨነቀው። ሰዎቹ አስተርጓሚ ሳይዙ ይመጡና ፊቱ ቆመው በእጃቸው ይናገራሉ፤ እሱም አስተርጓሚ ፍለጋ እሷኑ ይጠራል። ወሩ ሳያልቅ ሳጥኗ ወደ ልኳ ተመለሰች።

በዚያ በክርክሩ ቅዳሜ ግን፣ ከአዳራሹ ሲወጡ፣ አባትና ልጅ በእግራቸው ነበር የተመለሱት። አባቷ በመንገዳቸው የገዛውን ጨርቅ በሁለት ትልልቅ ፌስታል ይዟል፤ ሁለት እጁ ስለተያዘ ብዙ መንገድ ሳያወራ ሄደ። ግንባሩ ግን እያወራ ነበር። አንድ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ ቆመና አንዱን ፌስታል ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

«የሁሉንም ቃል አወራሽ» አላት በአንድ እጁ። «አንቺ ምን ትያለሽ? ነው ወይስ አይደለም?»

በሕይወቷ የሰው ቃል ስታመላልስ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ዙሪያዋን አየች፤ የሚተረጎም ሰው የለም። አሰብ አደረገችና በእጇ ጀመረች። «መምህሯ ያለችው ሁሉ ተሟልቶ አላየሁም። ነገር ግን ያ ሰውዬ ‹ባይገባቸውስ?› ሲለኝ አባዬ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። እኔ እንደሚመስለኝ…»

አባቷ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እግረኛው መንገድ ላይ፣ ከፋርማሲው ግድግዳ አስጠግቶ አስቀመጠ። እጅጌውን ሰበሰበ። በሁለት እጁ ሊከራከራት ነው።